የጓሮው ዝኩኒ ያፈራበት በጋ

ሰኞ ማታ

ዝኩኒው ደርሷል። ጠዋት ውሃ ላጠጣ ጓሮ ስወጣ ከሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ስር ተጋድሞ አገኘሁት፤ ክንዴን ያክላል። የተከለችው ባለቤቴ በጋው ሳይገባ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጓሮውን እንደ ሰው ቤት በሩቁ ነው የማየው፤ ውሃዬን አጠጥቼ እመለሳለሁ። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ቃሪያው ቀልቷል፣ ደብርጃኑ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ቲማቲሙ የተደገፈበትን እንጨት ይዞት ሊወድቅ ነው። እንጨቱ የታሰረበት ክር የኔ ነው፣ የልብስ ክር። ከስፌት ሱቄ ስትወስድ ይዣት "ሱሪ ከሚይዝ ቲማቲም ቢይዝ ይሻለዋል" ብላኝ ነበር።

ልጄ እራት አልበላችም። ድንቢጥ ነው የምንላት፤ ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች እናቷ ያወጣችላት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞላት፣ አሁንም ሚጢጢ ናት። ዳቦውን ቆራርሳ በሳህኑ ዳር ደረደረችና "በቃኝ አባዬ" ብላ ተነሣች። ምኑ እንደበቃት እሷ ታውቃለች።

ማክሰኞ

እትዬ መጣች። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ገና ከበሩ ልጅቷን ብብቷ ስር ይዛ ወደ ላይ አነሣቻትና ቶሎ መልሳ አስቀመጠቻት፣ ከባድ ነው ብላ ያነሣችው ቅርጫት ባዶ ሆኖ እንደተገኘባት። ሻይዋን ጠጥታ ስትጨርስ ወደ ኩሽና ጠራችኝ።

"ትምህርት ቤት ሳይከፈት ይቺ ልጅ ካላገገመች ወደኔ ቤት እወስዳታለሁ። ክፉ ሰው አታድርገኝ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ዓይኔ እያየ ስትሟሟ ዝም አልልም።"

"ልክ ነሽ እትዬ" አልኩ።

"አንተስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ቦርሳዋን አነሣች። ልለው የሚገባኝ ሁሉ የመጣልኝ ከሄደች በኋላ ነው። አባቷ እኔ ነኝ፤ ቤቷ እዚህ ነው፤ እሷን ከወሰድሽብኝ እዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው የምቀረው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ለጠብ አርፍጄ ነው የምደርሰው።

ሐሙስ ማታ

ዘዴ አገኘሁ። እናቷ በጋ በገባ ቁጥር የከሰል ምድጃውን ጓሮ አውጥታ አትክልቱን በሽቦ ላይ ትጠብስ ነበር፣ በላዩ ደግሞ ያንን ቅቤዋን። ድንቢጥ ያኔ ጣቷን ትልስ ነበር። እና ለምን አልጠብስላትም?

ከሥራ ስመለስ ቅቤ ገዛሁ። ባለሱቁ "ይሄኛው ጨው ያለበት ነው" አለኝ። ቅቤ ቅቤ ነው ብዬ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት አደረግኩ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ በሶብላ በጣጠስኩ፣ የሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቅኩ፣ አንድ ማንኪያ ጨው፣ ከዚያ በሹካ ማሸት። ስንት ዓመት ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ሳያት ኖሬያለሁ፣ አይጠፋኝም።

ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠበቅኩ። ዝኩኒውን በቁመቱ ሰነጠቅኩት፣ ደብርጃኑን በክብ፣ በቆሎውን እንዳለ። ሽቦው ላይ ሳስቀምጠው ቸስ አለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ፀሐይዋ በአጥሩ ላይ ተኝታ ነበር። ቅቤው በዝኩኒው ላይ ቀልጦ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ሽታው ወጣ፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ የትኛው በጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ዘወር ብል እዚያ በርጩማው ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀምጣ የማገኛት መሰለኝ። ዘወር አላልኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ዘወር ብሎ ማበላሸት አይገባም።

ሲበስል በትሪ ይዤ ጠረጴዛው ጋ መጣሁ። ትሪውን የማስቀምጥበት አጥቼ ስቆም ድንቢጥ ወንበር ሳበችልኝ፤ እሱ ላይ አደረግኩት። አስተዋይ ልጅ ናት። ሳህኗን ሞላሁላት።

"አንተስ አባዬ?"

"እኔማ ስጠብስ ስቀማምስ ጠግቤያለሁ።"

አልቀመስኩም፤ ግን የሚባለው እንዲህ ነው። እሷ ግን ሹካዋን ይዛ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳህኑን አየች። አንድ የቲማቲም ቁራጭ ከዚህ ወደዚያ ስታንከባልል ቆየችና "በቃኝ" አለች።

የመጀመሪያ ቀን ነው። ተስፋ አልቆርጥም።

ቅዳሜ

የተማሪ ደንብ ልብስ ወቅት። ከተማው ሁሉ ልጅ የወለደው በዚህ ዓመት ይመስል። ስፌት፣ ስፌት፣ ወገብ ማጥበብ፣ ጫፍ ማጠፍ። እጄ ላይ መርፌ ሁለት ጊዜ ወጋኝ። የድንቢጥን ቀሚስ ከሌሎቹ ደብቄ ጠበብ አድርጌ ሰፋሁት፤ ወገቡ ላይ ሜትሩን ስይዝ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላም አለ፣ ሱሪዬ ይወርዳል። ጨርቁ ነው የለቀቀው። የዘንድሮ ጨርቅ እምነት የለውም።

በቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ስበሳ ካውያው አየኝ። ሱቁ ውስጥ ከኔ ጋር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሥራው መተኮስ ነውና ስሙም ካውያው ሆኖ ቀረ።

"ጨርቁ ነው?" አለኝ።

"ጨርቁ ነው።"

"ቀበቶውም ከጨርቅ ነው እንዴ?" አለና ሸሚዙን ገልብጦ መተኮሱን ቀጠለ። ቆይቶ ለራሱ እንደሚያወራ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ" አለ። ስለ ማን እንደተናገረ አልገባኝም። ምናልባት ሚስቱን ይሆናል፤ ሰሞኑን አይስማሙም።

ሰኞ ማታ

ዛሬም ጠበስኩ። ቀዩን ቃሪያ ቆዳው እስኪያር ፍሙ ላይ ትቼ በጨርቅ ሸፈንኩት፤ ሲላጥ ከስሩ ሌላ ልስልስ ቃሪያ ይወጣል። ሽንኩርቱን ለሁለት ከፈልኩት። ቅቤው ላይ በሶብላውን ትቼ የጥብስ ቅጠል አደረግኩ፣ ለለውጥ ያህል።

ድንቢጥ ወንበሩን ሳበች፣ ትሪውን አስቀመጥኩ። ሥርዓታችን ሆኗል።

የተረፈውን (ሁሉም ነው የተረፈው) ለሾፌሩ በአጥር በላይ ሰጠሁት። ጎረቤታችን ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ነጂ፤ ብቻውን ነው የሚኖር። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ሲጠጣ ሰማሁት። ከዚያ ደግሞ ጠጣ። ሙቀቱ ለሽማግሌ ከባድ ነው።

ረቡዕ

ሳህኑን መለሰልኝ። "ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ብቻ ሐኪሙ ጨው ቀንስ ብሎኝ ነው እንጂ..." አለና ተወው። የጤናው ነገር አሳሰበኝ። ለድንቢጥ ነገርኳት፤ ከንፈሯን ነከሰችና ሳቋን ዋጠች። በሰው ሕመም መሳቅ ነውር ነው ልላት አስቤ ነበር። ከሳቀች ግን ሰንብታለች፣ ተውኩት።

ዓርብ ማታ

ሕልም አየሁ፣ ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ከዝኩኒ ቅጠል ቀሚስ እሰፋለሁ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሐር ይመስላል፤ መርፌዬ በገባ ቁጥር አረንጓዴ ውሃ ይወጣዋል። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጓሮው ውስጥ ተቀምጣለች። ልለካት ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ስደርስ በእጄ ያለው ሜትር ሳይሆን ሳህን ነው። አስቀምጥላታለሁ። ተመልሼ ሌላ ሳህን አመጣለሁ። ሌላ። ጓሮው በሙሉ ሳህን ሆነ፣ ሁሉም ይጨሳል፣ የቅቤው ሽታ ከአጥር በላይ ይሄዳል። አትበላም፣ አትዞርም። በመጨረሻ "ምነው፣ አትደክምም?" አለችኝ። ድምፅዋ የደስታ ነበር፣ የመቆጣትም ነበር። ልመልስላት ስል ነቃሁ።

ናፈቀችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ሰው ሁሉ በርታ ይለኛል፣ እኔም በርትቻለሁ፤ ግን በጣም ናፈቀችኝ።

እሑድ

ጮህኩባት። ለመጻፍም ያሳፍረኛል።

ጠዋት እትዬ ደውላ "እንዴት ናት?" ስትለኝ "ለውጥ አላት" ብዬ ዋሸሁ። ማታ ያንን ሁሉ ጠብሼ፣ ካሮቱን እንኳ በቀጭኑ ከትፌ፣ ድንቢጥ እንደ ሁልጊዜው ሹካዋን ይዛ ታየኛለች። "ብዪ!" አልኩ። ሾፌሩ ሳይቀር ሰምቷል። አንድ የዝኩኒ ቁራጭ ጎረሰች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ዋጠችው፣ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። ከዚያ "ይጣፍጣል አባዬ" አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። እኔ ምን ዓይነት አባት ነኝ? ልጅን እያስለቀሱ ማብላት ከማስራብ በምን ይሻላል?

ማክሰኞ ማታ

ካውያው ምሳውን ከፍሎ አቀረበልኝ፣ ዳቦ ከእንቁላል ጋር። ቤት ስለምበላ አልራበኝም አልኩት። "ቤት ምን ትበላለህ?" አለኝ። ስለ ጥብሱ ነገርኩት፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ቃሪያው አላላጥ። ደስ ብሎት አዳመጠኝ። ስጨርስ "እሺ፣ የጠበስከውን ነገርከኝ። የበላኸውንስ?" አለ። ሥራ በዝቶብኝ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ።

ከሥራ ስገባ ድንቢጥ አጥሩ ጋ ቆማ ከሾፌሩ ጋር ታወራለች። አላዩኝም።

"ለምንድን ነው የማትበይው አንቺ ልጅ?"

"እየጠበቅኩ ነው።"

"ማንን ነው የምትጠብቂው?"

መልሷን አልሰማሁም፤ በጆሮው ነው የነገረችው። ሾፌሩ ቀና ሲል አየኝና ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ።

መስማትም አላስፈለገኝም። እናቷን ነው የምትጠብቀው። እኔ ቅቤ ሳሽ እሷ በሩን ታያለች ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞትን ለልጅ በደንብ ሳላስረዳ ዝኩኒ እጠብሳለሁ።

ሐሙስ

ነገርኳት። ቃል መርጬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጇን ይዤ።

"ድንቢጤ፣ እማዬ እኮ አትመለስም።"

"አውቃለሁ አባዬ" አለች። ከዚያ ጸጉሬን ዳበሰችኝ፣ እኔ የማላውቅ የመሰልኩ ያህል። ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፋኝ።

ማታ ጠበስኩ። ወንበር ሳበች። ትሪ አስቀመጥኩ። አልበላችም።

ቅዳሜ

እትዬ ነገ ትመጣለች። የደንብ ልብሱ አልቋል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ካውያው የድንቢጥን ቀሚስ ሳልጠይቀው ተኩሶ፣ ወገቡን በስንዝሩ ለክቶ ሰጠኝ። ለነገ ሁሉንም እጠብሳለሁ። ጓሮው ውስጥ የደረሰውን ሁሉ። ሆድ ይፍጀው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

እሑድ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ እጄ ቅቤ በቅቤ ነው፣ ወረቀቱም ይቅር ይበለኝ።

እትዬ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። በሩ ኋላ አስቀመጠችው እንጂ ስለሱ አላነሣችም። ድንቢጥም አየችው። እኔ ጓሮ ምድጃውን ይዤ ነበር፤ ከሰሉን ሳራግብ ጢሱ ዓይኔን አቃጠለው፣ እሱም ጠቅሞኛል፣ ዓይኔ ለምን እንደቀላ የሚጠይቅ አይኖርም። ደብርጃን፣ ቃሪያ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ዝኩኒ፣ ሁሉንም ደረደርኩ። ቅቤውን አልሰሰትኩም። ፀሐይዋ እንደዚያ ቀን አጥሩ ላይ ተጋድማ ነበር፣ ሁሉ ነገር ወርቅ መስሎ ነበር፣ ሴቶቹም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ከሩቅ ያየን ደስተኛ ቤተሰብ ይለናል።

ትሪውን ይዤ መጣሁ። ድንቢጥ ወንበሩን ሳበች። ትሪውን አስቀመጥኩ። ለእትዬ ሞላሁላት፣ ለልጄ ሞላሁላት፣ መጥበሻ ሹካዬን ይዤ ቆምኩ።

እትዬ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር ተፈራረቀ፤ ጨዋ ሴት ናትና ዋጠችው። ከዚያ ወደ ድንቢጥ ዞረች።

"አንቺስ? ብዪ እንጂ የኔ እናት።"

"አባዬ አልተቀመጠም" አለች ድንቢጥ።

"እና?"

"ያበሰለው ሰው ሳይቀመጥ አይበላም። እማዬ እስክትቀመጥ እንጠብቅ አልነበር? አሁን የሚያበስለው እሱ ነው።"

እትዬ እኔን አየችኝ። "ስንት ጊዜ ሆነሽ ስትጠብቂ?"

"በጋውን ሙሉ። ወንበር እስብለታለሁ፣ ትሪ ያስቀምጥበታል።"

ቁጣ አልነበረበትም። ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ማንን እንደምትጠብቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለሾፌሩ በጆሮው የነገረችው፣ እሱም አይቶኝ ጉሮሮውን የጠራረገው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

ትሪውን አንሥቼ መሬት ላይ አደረግኩትና ተቀመጥኩ። ድንቢጥ ከራሷ ሳህን ትልቁን ዝኩኒ አንሥታ ሰጠችኝ። ጎረስኩ።

ጨው። ሌላ ምንም የለውም፣ ጨው ብቻ። ምላሴ ተኮማተረ።

"ይሄን ነው ይጣፍጣል ያልሽኝ?"

"ቅር እንዳይልህ ነው" አለች።

"ቅቤው ራሱ ጨው አለው አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አንተ ደግሞ ማንኪያ ሙሉ ትጨምርበታለህ" ብላ ቀጠለች። "ጋሼ ሾፌሩ ባንተ ጥብስ ምክንያት ነው ሌሊት ውሃ ሲጠጣ የሚያድረው።"

"አንድም ቀን አልቀመስከውም ማለት ነው" አለች እትዬ። ጥያቄ አልነበረም። ክንዴን ይዛ እጅጌዬን ጨበጠችው፤ ጨርቁ በእጇ ተረፈ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልጅቷን ሳይ አንተ ልታልቅ ነው እኮ።"

ጨርቁ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። የወጣልኝ ሌላ ነው። እሷ የተከለችውን መብላት አልቻልኩም አልኳቸው። የመጨረሻ የሠራችው ነገር ነው፣ ካለቀ እሷም ታልቃለች። ለእናንተ ልጠብሰው እችላለሁ፣ ልሸተው እችላለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም። ይሄን እስክናገረው ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር። ልጄ ፊት አለቀስኩ፣ እትዬም አለቀሰች። ድንቢጥ ብቻ ተነሥታ ኩሽና ገባች።

ያላሸሁትን ትርፍ ቅቤ ይዛ መጣች። እትዬ ነጭ ሽንኩርት ላጠችላት፣ እሷ በሶብላውን በጣጠሰች፣ ሎሚውን ፈቀፈቀች፤ ጨው አልነካችም። በሹካ ስታሽ ክርኗን ወደ ውጪ አውጥታ ነው፣ ልክ እንደ እናቷ። የድሮውን ቅቤ ከአትክልቱ ላይ ጠርገን አዲሱን ቀባነው፣ ፍሙም ገና ነበረና መልሰን አሞቅነው።

ከዚያ በላሁ። ደብርጃኑ አፍ ውስጥ ይጠፋል። ቃሪያው ጣፋጭ ነው፣ ጢስ ጢስ ይላል። በቆሎውን ግጬ ግጬ ቆረቆንዳውን መጠጥኩ። ምን ያህል እንደራበኝ አላወቅኩም ነበር። ቀና ስል እትዬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች፣ ድንቢጥ ጣቷን ትልሳለች፣ ሳህኗ ባዶ ነው።

"አባዬ፣ ጨምርልኝ።"

በጋውን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነው። ወደ ትሪው ጎንበስ አልኩ። ባዶ ነው። ሽቦውም ባዶ ነው።

"እኔ... ጨርሼዋለሁ" አልኩ።

እትዬ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ዛሬ ገና ሰማኋት፤ ጠረጴዛውን ይዛ ነው የሳቀችው። ሾፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ "ደህና ናችሁ?" አለ። ድንቢጥ የእጅ ባትሪ አመጣች፣ ሦስታችንም ወደ ጓሮው ገባን። መሽቷል፣ ቅጠሉ ጤዛ ይዟል፣ ዝኩኒዎቹን ዛሬ ጠዋት ያልቆረጥኳቸው ይመስል ከቅጠሉ ስር ሌሎች ተጋድመዋል። አንዱን ትንሹን ልቆርጥ ቢላዬን ሳስጠጋ ልጄ ብርሃኑን ወደ ሌላው አዞረች።

"ትልቁን አባዬ። ርቦኛል።"

ትልቁን ቆረጥኩት።